ዋጋ ያልጠየቅኩት ጠበቃ

መስከረም 18

ይድረስ ለማሙሽ፣ አርባ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ አልለቅም ላለው ወንድሜ፤

እንዴት ከረምክ? እኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን። አንደኛዋ የስፌት መኪና ትሰፋለች፣ ሁለተኛዋ ትዘመዝማለች፣ እኔ አጉረመርማለሁ። ቤተሰባችን ይኸው ነው።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠልቼ አይደለም። ስልክ ላይ ታስቀኛለህ፤ እየሳቅኩ እዘጋዋለሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ምን ልጠይቅህ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ወረቀት ላይ ጥያቄዬ የትም አይሄድም።

«ሄድሽ ወይ? እንዴት ተቀበለሽ?» ላልከው፦ ሄድኩ፤ ጠበቃው ጓደኛህ እንደ አምባሳደር ተቀበሉኝ። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ አንዴ ለጉልበቴ፣ አንዴ ለልቤ። በሩ ላይ ስማቸው በነሐስ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ያለው ማዕረግ ከስማቸው ይረዝማል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በገመድ የታሰረ የፋይል ክምር፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ውሃ ካየች የሰነበተች አንዲት አበባ። የአንተ እህት መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አንድ ዴስክ ላይ አራት ዓመት ተቀምጠናል» አሉ። ስለ አንተ በደግ ሲያወሩ ደስ አለኝ፤ ደስ የሚለኝም እንደ እህት ሳይሆን እንደ እናት ነው። ያሳደግኩህ እኔ ነኛ።

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ሱቁን ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አከራዬ ከመሞታቸው በፊት ለአሥር ዓመት የሚቆይ አዲስ ውል ፈርመውልኛል፤ የሕንፃው ጥበቃም ምስክር ሆኖ ፈርሟል፤ አሁን አማችየው ተነስቶ «ፊርማው የአማቴ አይደለም፣ ሱቁን ልቀቂ» ብሎ ከሶኛል፤ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አንድም ጊዜ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ባል ቢኖረኝ እንኳን እንደዚያ አይሰማኝም። ጥበቃው በሕይወት መኖሩን ጠየቁኝ። አለ፣ ጡረታ ወጥቶ ልጁ ዘንድ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው እሱን ችሎት ካቀረብን ሱቁ የእርስዎ ነው» አሉኝ።

ሌላውን ምክርህን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ጠብቄያለሁ። «ስንት ያስከፍሉኛል?» የምትለው ጥያቄ ሦስት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ሦስት ጊዜ ዋጥኳት። እኔ እኮ ደንበኛ በር ላይ «ደህና ዋልሽ» ሲለኝ «ሱሪ ማሳጠር ይህን ያህል፣ ዚፕ መቀየር ይህን ያህል» ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። አንተ ግን «የዋጋ ወሬ ያስቀይመዋል፤ ከጠየቅሽው ፋይልሽን አስታቅፎ ይመልስሻል» ስላልከኝ አፌን በዚፕ ዘጋሁት።

እሳቸውም ጨዋ ናቸው። ልሰናበት ስነሳ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ መልሰው አስገቡት። እኔም አየሁ፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ፣ ከዚያ ሁለታችንም መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ አየን።

እንደ ተስማማነው ለጠበቃው የሚሆነውን ስድስት ሺህ ብር በባንክ ልኬልሃለሁ። በራስህ ስም፣ በጓደኛ ወግ፣ ሳያፍሩ እንዲቀበሉህ አድርገህ አድርስልኝ። ሲቀበሉ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። ደረሰኝ ነገር ካለም ላክልኝ።

እህትህ

———

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣ መርፌዋም ምላሷም ለማይዶለዱመው እናት እህቴ፤

በመጀመሪያ ይቅርታ፤ በሁለተኛም ይቅርታ፤ ሦስተኛውን ለደብዳቤው መጨረሻ አቆየሁት። ጽሑፍሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ወደብ ላይ መርከብ እንጂ ሰው አያርፍም። አለቃችን በበኩሉ እኛ ካረፍን መርከቡ የሚሰምጥ ይመስለዋል።

ሲቀበል ምን አለ ላልሽኝ፦ ምንም አላለም። ስልኩ ውስጥ ዝምታው ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ «ለእህትህ እንዳትነግራት፣ እንዳትሸማቀቅ» አለኝ። እኔ ግን ከአንቺ የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ ይኸው ነገርኩሽ።

ደረሰኝ ብለሽ ግን አሳቅሽኝ፤ ወረቀት ላይ አታስቀኝም ያልሽው ለእኔ አይሠራም። እትዬ፣ ደረሰኝ የሚጠየቀው ማቀዝቀዣ ሲገዛ ነው፤ ቢበላሽ ለመመለስ። እሱን የት ልንመልሰው ነው? ይህ ሰው እኮ ተማሪ ሳለን ክፍያ ሰብሳቢው ክፍል ሲገባ አባቱ ከፍለውለት እንኳን አንገቱን ይደፋ ነበር። ተፈጥሮው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ለፊት ዋጋ ሲጠየቅ የተሰደበ ያህል ያመዋል። ሕመምተኛ ጠበቃ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?

አንድ ነገር ብቻ። ነገሩ ከታሰበው ትንሽ ከብዷል፤ አማችየው እልኸኛ ነው ይባላል። የሚቀጥለውን ዘጠኝ ብታደርጊው ጥሩ ነው። ሰባት ልልሽ ነበር፤ አንቺን ማሳነስ መሰለኝና ተውኩት።

ከዚያ አልፎ ምስጋናሽ ከውስጥሽ ካልወጣ ደግሞ አንድ ሱፍ ስፊለት። ልብሱ ያሳዝናል፤ ኮሌታው ከሕገ መንግሥት በፊት የተሰፋ ይመስላል። ሲለብሰው ያስታውስሻል፣ ሲያስታውስሽ ይተጋልሻል። ስለ ዋጋ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እሱ ቢጠይቅሽም እንኳን። ሊፈትንሽ ይችላልና።

ሦስተኛው ይቅርታ እዚህ ነው፤ ጠይቀሽኝ የነበረውን ፎቶ ዛሬም አላነሳሁም። ከስቻለሁ፤ ስወፍር እልክልሻለሁ።

ያንቺው ማሙሽ

———

ኅዳር 7

ለማሙሽ፤

ከሳሁ ብለህ ጽፈህ ሳትበላ እንዳትውል። ወፍረህም ከስተህም ፎቶ ላክ፤ እኔ የማየው ዓይንህን ነው።

«ስለ ገንዘብ ተነፈሰ ወይ?» ብለህ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምረህ ለጠየቅከኝ እነሆ ዝርዝሩ።

ለልክ ሱቄ ድረስ መጡ። ጠበቃ ሲለካ አይተህ ታውቃለህ? እጆችዎን ወደ ላይ ስላቸው እንደ ተማረከ ወታደር ቆሙ። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ የፋይል ቦርሳ የተሸከመ ትከሻ ነው፤ በገበር ደብቄላቸዋለሁ። እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አጥልቄ፣ ስምንት ስፒል ከንፈሬ መሀል ይዤ ስዞራቸው እሳቸው ስለ ጉዳዩ ያወራሉ። አማችየው ምን እንደሚል፣ ዳኛው ምን እንደሚጠይቁ፣ ውሉ ላይ ያለው ቀን ለምን እንደሚጠቅመን። ስምንት ስፒል የያዘ ሰው ጥሩ አድማጭ ነው። እ፣ እ፣ እህ እያልኩ ሰማኋቸው።

በሁለተኛው ልክ፣ እጅጌውን ሳስተካክል፣ ድንገት ዝቅ ብለው አዩኝ።

«የልብሱ ዋጋ ስንት ነው?» አሉኝ።

አንዷን ስፒል ልውጣት ምንም አልቀረኝ። ያስጠነቀቅከኝ ፈተና መጣ ብዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁና «በሞቴ፣ ዋጋ አይጥሩብኝ» አልኳቸው።

ቀይ ሆኑ። እኔም ቀላሁ። «ገባኝ፤ ወንድምዎ አስጠንቅቆኛል» አሉና ወደ መስታወቱ ዞሩ። ምን ብሎ አስጠነቀቀዎት አላልኩም። በመሀላችን ያለኸው አንተ ስለሆንክ ነገሩ በደህና እጅ ነው ብዬ ነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ስለ ምስክሩ ጉዳይ ወንድምዎ ነግሮዎታል አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን እንደነገርከኝ ግን አላስታውስም፤ ያልጻፍክልኝ ካለ ጻፍልኝ። ጥበቃው ተጠርቷል ወይ? ልጁ ስልክ ደውሎ «አባባ ልብሳቸውን አስተኩሰው እየጠበቁ ነው፣ የጠራቸው ግን የለም» ብሎኛል። ሽማግሌው ከተጠሩ በእግራቸውም ቢሆን ይመጣሉ።

ዘጠኙን ሺህ ባለፈው ወር ልኬያለሁ። አሁን ደግሞ «ለመጨረሻው ዙር» ያልከውን አሥራ ሁለቱን። ከየት አመጣሽው ብለህ አትጨነቅ፤ ዘምዛሚዋን መኪና ሸጥኳት። የገዛቻት ልብስ ሰፊ እጇን መኪናዋ ላይ አሳርፋ ዋጋውን በአንድ ቃል ጠራች፣ እኔም በአንድ ቃል መለስኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስትወስዳት ትንሽ ከፋኝ። አሁን ዘምዛሚዋ እኔው ነኝ፤ በእጄ። ሱቁ ከተረፈ ሌላ እገዛለሁ፤ ሱቁ ካልተረፈ መኪና የት አስቀምጣለሁ?

እህትህ

———

ኅዳር 28

ለእትዬ፤

ቆሜ ነው የምጽፈው፤ እጅ ጽሑፌን ይቅር በይው።

አሥራ ሁለቱ ደርሷል። መኪናዋን መሸጥሽን ሳነብ አንጀቴን በላሽው። ወደቡን ግማሽ ቀን ዞርኩት።

ስለ ጥበቃው ለጠየቅሽኝ፦ ሁሉም ነገር ተይዟል። ጠበቃ ምስክርን መቼ እንደሚጠራ ያውቃል፤ ቀድሞ የተጠራ ምስክር ነገር ይረሳል። ልጁ ስልክ እየደወለ አያስጨንቅሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቀጠሮው ታኅሣሥ 11 ነው፤ እስከዚያ እሱን አታነጋግሪው። ሱፉን በሰው ላኪለት። ችሎት ሊገባ ያለ ጠበቃ ማለት ፈተና ሊገባ ያለ ተማሪ ነው፤ ቃል ከተነፈስሽበት ያጠናው ሁሉ ይበተናል። እኔም አልደውልለትም።

ስለ ራሴም ጠይቀሽኛል። ደህና ነኝ። ስለ ራሴ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ማሙሽ

———

ታኅሣሥ 13

ለማሙሽ፤

«እንዴት ሆነ? ምነው ስልክ አታነሺም?» ብለህ በጎረቤቴ በኩል ልከሃል። ስልክ ያላነሳሁት ልታስቀኝ ትችላለህ ብዬ ፈርቼ ነው።

በጊዜ ደረስኩ። ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ረጅም አግዳሚ፣ የሚንቋቋ በር፣ ግድግዳው ላይ ቆሞ የቀረ ሰዓት። ጠበቃው ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ የሰፋሁላቸውን ሱፍ ለብሰዋል። ዞር ብለው አላዩኝም። አጥንተዋል፣ እንዳይበተንባቸው ነው ብዬ እኔም አልተነፈስኩም።

ስማችን ሲጠራ ዳኛው አንድ ወረቀት አነሱና ማንበብ ጀመሩ። የተከሳሽ ጠበቃ ያቀረቡት ማመልከቻ ነው አሉ፤ ተከሳሿ የጥብቅና ክፍያ አንዲት ሳንቲም ስላልከፈሉ ከጉዳዩ ልሰናበት ይላል አሉ። እኔ «ምን ዓይነቷ ዓይን አውጣ ናት» ብዬ ከልቤ ፈረድኩባት። ተከሳሿ እኔ መሆኔን የረሳሁት የሱፉን ትከሻ እያየሁ ስለነበር ነው፤ ግራው ትንሽ ወጥሯል። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጉኝ ነው የገባኝ። ማሙሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የአንድም ደንበኛ ጨርቅ ተርፎ ኪሴ አልገባም። የማልከፍል ሴት ተብዬ ስሜ ሰው በሞላበት አዳራሽ ተነበበ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስንት ታስከፍይኛለሽ ሳልላት እገባላት ነበር።

ዳኛው ለሳምንት ቀጠሩን። ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው በፍጥነት ሊያልፉኝ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ። እኔ የሰፋሁት ስለሆነ እንደማይቀደድ አውቃለሁ።

«ሃያ ሰባት ሺህ ከፍያለሁ» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ።

ስምህን ነገርኳቸው። ስምህን ጠርቼው አላውቅም እንደዚያ። አሳድጌህ፣ አልብሼህ፣ ስምህን ሺህ ጊዜ ጠርቼ፣ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ቦርሳቸውን ከፍተው መጀመሪያ ያወጡት ያችን የመሳቢያ ወረቀት ነው። የጥብቅና ውል ናት። ዋጋው አሥራ ስምንት ሺህ፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል። ሊያሳዩኝ ነበር ያን ቀን። ያላሳዩኝ አንተ አስቀድመህ ስለጻፍክላቸው ነው። ደብዳቤህንም አሳዩኝ፤ እጅ ጽሑፍህን ያስተማርኩህ እኔ ስለሆንኩ አላከራከረኝም። «እህቴ በገንዘብ ነገር ሆደ ባሻ ናት፤ ዋጋ የጠራባት ሰው ደጇን ዳግም አይረግጥም። ስለ ክፍያው ከእኔ ጋር ጨርስ» ይላል። የሱፉን ዋጋ ራሱ፣ አራት ሺህ ተኩል፣ ለእኔ እንድታደርስ ልከውልህ ኖሯል። ለእሳቸው እኔን ሆደ ባሻ አደረግከኝ፣ ለእኔ እሳቸውን ዓይን አፋር አደረግካቸው፤ ሁለታችንም ተከባብረን ተላለቅን።

ከዚያ ሁለተኛውን ደብዳቤህን አወጡ። የምስክር ዝርዝር የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ኅዳር 20 እንደነበር፣ ክፍያው ካልመጣ ግን መቀጠል እንደማይችሉ ሁለት ጊዜ ጽፈውልሃል። አንተ ደግሞ «ጥበቃውን አታድክመው፤ እህቴ ሱቁን ለመልቀቅ ሳታስብ አልቀረችም» ብለህ መልሰሃል።

ደብዳቤዎቹን ወደ ቦርሳቸው መልሰው «ልጠይቅዎት የሚገባው እኔ ነበርኩ፤ ዋጋን በቀጥታ መናገር ሥራዬ ነው» አሉኝ። እኔም «አፍ ነበረኝ እኮ» አልኳቸው። ሁለት ጨዋዎች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ጨዋነታችንን አየነው፤ ሱቅ የሚያክል ነበር።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ የት ደረሰ አላልኩም። ሦስቴም ስልክልህ፣ ሦስቴም ስትቀበል፣ ስለ ገንዘቡ የዋሸኸኝን ልረሳው እችል ነበር፤ ልጅ ሳለህም ከቦርሳዬ ትወስድ ነበር። «ሱቁን ለመልቀቅ ሳታስብ አልቀረችም» የምትለዋን ስትጽፍ ግን መኪናዋን መሸጤን ሰምተህ ነበር? ወይስ ከዚያ በፊት ነው? ቀኑን ብቻ ንገረኝ።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

ቀኑን ጠይቀሻል። ኅዳር 16 ነው። ደብዳቤሽ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶኝ ነበር።

ይኸው፣ እውነቱን ጻፍኩልሽ። ይህን እንኳን ቁጠሪልኝ።

ልመልሰው ነበር። እያንዳንዱን ስቀበል ሳምንት ሳይሞላ ለእሱ ልልክ ነበር የምወስደው። አንድ ነገር ነበረብኝ እዚህ፤ ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ብነግርሽ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ያሳዝንሻል። ስድስቱ ሄደ፣ ስድስቱን ለመሙላት ዘጠኙ ሄደ። አሥራ ሁለቱ ሲመጣ እሱ ገንዘቡን፣ አንቺ ጥበቃውን ትጠይቁኝ ጀመራችሁ። ሁለታችሁ በአንድ ቀን ብትገናኙ አለቀልኝ። ሱቁን ልትለቅ ነው ካልኩት ነገሩ በራሱ ይበርዳል ብዬ ነው። ሱቁ በእርግጥ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። አንቺ እኮ የወደቀ ነገር ሁልጊዜ ታነሺያለሽ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ካልሽ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። አንድ ቀን አንዳችሁ «ስንት ነው?» ብትሉ ኖሮ እኔ የት እገባ ነበር?

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጠበቃው ማስጠንቀቂያ ልኮብኛል። ቢሮዬ ውስጥ ደግሞ በገንዘብ ያዥነት ሊሾሙኝ ነው፤ ክስ የሌለበት ሰው ነው የሚፈልጉት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ፤ «ገንዘቡን ለወንድሜ በፈቃዴ ሰጥቼዋለሁ» በይ፣ ፈርሚበትና ላኪልኝ። ሹመቱን ካገኘሁ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሬ እከፍልሻለሁ። ለማን ብለሽ ነው የምትከሺኝ? ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?

ማሙሽ

———

ጥር 22

ለማሙሽ፤

«ጻፍሽልኝ ወይ? ፍርዱስ?» ብለህ ሁለት ጊዜ ጽፈሃል። የዘገየሁት ተቀይሜ ብቻ አይደለም፤ ሱቅ እያሸግኩ ነው።

ከፍርዱ ልጀምር። ጠበቃው ማመልከቻቸውን አንስተው ተመለሱልኝ። ሽማግሌውን ጥበቃ ይዘን ቀረብን፤ ልብሳቸው እንደ ሙሽራ ተተኩሷል። ዳኛው ግን የምስክር ዝርዝር የሚገባበት ቀን አልፏል ብለው አልሰሟቸውም። ሽማግሌው ችሎቱ መሀል ቆመው «ሲፈርሙ እኮ እዚያው ነበርኩ» አሉ። ዳኛው በትሕትና እንዲቀመጡ ነገሯቸው። ተቀመጡ። ውሉን የሚያስረዳ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ሱቁን እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዳስረክብ ተፈረደ። ሽማግሌውን ታክሲ ውስጥ ሳስገባቸው «ምን አጥፍቼ ነው ያልሰሙኝ?» አሉኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም አልኳቸው። ማን እንዳጠፋ ግን አልነገርኳቸውም፤ ከወጣትነትህ ጀምሮ የሚያውቁህ ሰው ናቸው፣ በሰላም ይተኙ ብዬ።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አላረፍኩም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ይግባኝ ስንት ነው አልኳቸው። ይህን ያህል አሉ። የማሸነፍ ዕድሉስ? ከአሥር ሁለት። በየትኛው ደረጃ ምን ያህል ይከፈላል? በዚህ ይህን፣ በዚያ ያን። ሳናሸንፍ ከቀረን የሚመለስ አለ? የለም። እንግዲያው አልገዛም አልኳቸው። ጥሩ ውሳኔ ነው አሉኝ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልተሰደበም፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። ለቆሙልኝ ሁለት ቀጠሮ የሚገባቸውንም ተነጋገርን፤ የሱፉን ዋጋ ቀንሰን፣ የቀረውን በሁለት ወር። ደረሰኝ ጽፈው ሲሰጡኝ ሁለታችንም ፈገግ አልን። አራት ወር ሙሉ የከለከልከን ደስታ ይህን ታክል ነበረች።

ከዚያ የአንተን ጉዳይ አነሳሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ያችን ዓረፍተ ነገር ነው። «በፈቃዴ ሰጥቼዋለሁ ብዬ ልጽፍ ብል ስንት ያስከፍሉኛል?» አልኳቸው። በነጻ አሉኝ። አንተን ካወቅኩ ወዲህ ነጻ የሆነ ነገር ያስፈራኛል። ቀጥዬ አንተን መክሰስ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ከሚመለሰው አሥር በመቶ፤ ምንም ካልተመለሰ ምንም። በጽሑፍ ያድርጉልኝ አልኩ፤ አደረጉ።

ሁለቱን ወረቀቶች ቤት ወስጄ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ዓረፍተ ነገርህን ልጽፍልህ ነበር። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ ያልከው እውነት ነው፤ ማንም የለኝም። ብዕሩን አንስቼ «ገንዘቡን» ብዬ ጀመርኩ፤ «በፈቃዴ» ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ገንዘቡን ልተውልህ እችላለሁ። ኅዳር 16 ቀን፣ መኪናዬን መሸጤን አንብበህ፣ ሁለት ቀን አሳድረህ የሸጥከው ግን ሱቁን ነው። እሱን በፈቃዴ አልሰጠሁህም። በእጅ ጽሑፌ ብዋሽልህ ደግሞ ቀሪ ዕድሜህን ሰው መሀል ገብተህ ዝም የምታሰኝ ገንዘብ ያዥ ትሆናለህ፤ አስመራቂህ እኔ።

አንተም አንድ እውነት ጽፈሃል፤ አንዳችን «ስንት ነው?» ብንል ኖሮ የት ትገባ ነበር ያልከው። ልክ ነህ። የእኔ ጥፋት ያ ነው፤ ከሱቁ ጋር ከፍዬበታለሁ። የአንተ ገና ነው።

ምን እንዳደረግክበት አትጠይቂኝ ብለሃል። አልጠይቅህም። ጠበቃዬ ይጠይቁሃል።

ክሱ ሰኞ ገብቷል፤ መጥሪያው ይደርስሃል። ቀጠሮው የካቲት 21 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ከዋዜማው ስለሚያስገባህ አልጋ ስትፈልግ አትንከራተት፤ ሆቴሉ ውድ ነው፣ እኔው ጋ እደር። አንሶላ አጥቤልሃለሁ። ራት አብረን እንበላለን፤ ስለ ክሱ ግን አንነጋገርም፣ ጠበቃዬ ከልክለውኛል። ጠዋት አንተ ቀድመህ ውጣ፤ እኔ ቆይቼ እመጣለሁ። አብረን ስንገባ ዳኛው ካዩን የታረቅን ይመስላቸዋል።

እህትህ፣
ከሳሽ